መልስ፦ በግሪን ካርድ ፒስ ኮር ገብቶ እንግሊዝኛ ማስተማር ይቻላል ወይ?

በግሪን ካርድ አይሆንም ወንድሜ፣ ፒስ ኮር (አባቶቻችን ሰላም ጓድ የሚሉት፣ የአሜሪካ መንግሥት በጎ ፈቃደኞችን ወደ ሌላ አገር የሚልክበት ፕሮግራም) የሚወስደው 18 የሞላውን የአሜሪካ ሲቲዝን ብቻ ነው። እኔ ጆርጂያ ነበርኩ፣ አትላንታ ያለችበትን ሳይሆን አገሩን ማለቴ ነው፣ እናቴ እስካሁን ግራ ይገባታል ሃሃ። ጠቅላላው 27 ወር ነው፣ የመጀመሪያው 3 ወር አካባቢ ቤተሰብ ጋ እየኖርክ ቋንቋ ትማራለህ። ደሞዝ የለም፣ ለኑሮ የምትሆን ገንዘብ ግን ወር በወር ይሰጡሃል። ክፍል ብቻህን አትገባም፣ የአገሩ መምህር አብሮህ አለ። እኔ ጋ የነበሩት ሴትዮ ግራመር ላይ ያስከነዱኛል፣ ግን ተማሪ ፊት እንግሊዝኛ ማውራት ያፍሩ ነበር፣ እኔ ደግሞ መሃል እየገባሁ ሳርማቸው ጭራሽ ዝም አሉ። ከክላስ በፊት ሻይ እየጠጣን ማን ምኑን እንደሚይዝ መከፋፈል ስንጀምር ነው ነገሩ የተስተካከለው። አሁን በሜሴጅ እሳቸው ናቸው እኔን የሚያርሙኝ።