ባለ 4 ሄክታር የቤተ ክርስቲያን ደን፦ ከችግኙ በፊት ካቡ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ በደቡብ ጎንደር አንድ ቀበሌ 4 ሄክታር ያህል የቤተ ክርስቲያን ደን አለ። ዳር ላይ ያሉት ጥዶች ከጫፋቸው እየደረቁ ነው፤ ከደኑ ሥር የሚወጣው ምንጭም በበጋ እየቀነሰ ነው። ለመጪው ክረምት 5,000 ችግኝ ይሰጣችኋል ተብላችኋል፤ በቀበሌው እቅድ ምን እናስገባ ብላችሁ ጠይቃችኋል።

ችግኙን ከመቀበላችሁ በፊት ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ ካብ (ከብት እንዳይገባ ደኑን የሚያጥር የድንጋይ አጥር)፣ ቀጥሎ የዛፍና የቡቃያ ቆጠራ፣ ችግኝ በመጨረሻ።

ምክንያቱን በስሌት እዩት። ክብ የሆነ 4 ሄክታር ደን ከመሐሉ እስከ ዳሩ 113 ሜትር ብቻ ነው። ነፋስና ፀሐይ 20 ሜትር ዘልቀው ያደርቁታል ብንል፣ ከደኑ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው «ዳር» ሆነ ማለት ነው። ቅርጹ የተሸራረፈ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ከብት ዳሩ ላይ የበቀለውን እየጋጠ ሲረግጠው አዲስ ዛፍ አይተካም፤ አሮጌው ሲወድቅ ዳሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ይገባል። ሙቀቱና የዝናቡ መዛባት ይህንን ያፋጥኑታል እንጂ ብቻቸውን አላመጡትም።

ሌላው ነገር ከአፈሩ ነው። የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ያደረጓቸው ጥናቶች ሁለት ነገር አሳይተዋል፦ አብዛኞቹ የዛፍ ዝርያዎች አፈር ውስጥ ተቀምጦ የሚቆይ ዘር የላቸውም፤ ከብት የተከለከለበት ቦታ ላይ ደግሞ ብዙ ዘር ይበቅላል፣ የበቀለውም ይተርፋል። ስለዚህ እናት ዛፉ ከሞተ ወይም ከተቆረጠ በኋላ «አፈሩ ያወጣዋል» ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ወንዴና ሴቴ ዛፋቸው የተለያየ መሆኑንም አትርሱ። አምስት ዝግባ ኖሯችሁ አምስቱም ወንዴ ከሆኑ ዘር የላችሁም።

ካቡን ከዛፎቹ ጥግ አታስጠጉት፤ ከተቻለ 15 ሜትር ወደ ውጭ አውጡት። በዚህ 1.1 ሄክታር ያህል መከላከያ ቀበቶ ታገኛላችሁ። ዙሪያው 803 ሜትር ይሆናል። ከታች 80 ሴንቲ ሜትር፣ ከላይ 40፣ ቁመቱ 1.2 ሜትር ከሆነ በአንድ ሜትር ርዝመት 0.72 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይወስዳል፤ በጠቅላላው 580 ሜትር ኩብ ገደማ። ድንጋዩን ከአጎራባች ማሳ ልቀሙት፤ ገበሬው ማሳው ስለሚጠራለት ይስማማል። የቀበቶው መሬት የማን እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ በቃለ ጉባኤ ጨርሱ። ካብ የሚፈርሰው ባብዛኛው ሁለቱ ፊቶች ሳይያያዙ ስለሚካቡ ነው፤ በየ50 ሴንቲ ሜትር ቁመት ረጃጅም ማያያዣ ድንጋይ አጋድሙ፣ መሠረቱን 25 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ፣ ጎርፍ በሚወርድበት በኩል ማሳለፊያ ተዉ። ፍየል 1.2 ሜትር ትወጣዋለች፤ በውስጥ በኩል እሾኻማዎቹን አጋምና ቀጋ ካልተከላችሁበት አታስቆሟትም። የእንግዶች በቅሎና አህያ ማሰሪያ ከካቡ ውጭ ይዘጋጅ፤ አለዚያ በአንድ ንግሥ የዓመቱ ቡቃያ ያልቃል።

ቆጠራው ሁለት ቀን አይፈጅም። ከዳር ወደ መሐል በአራቱም አቅጣጫ ገመድ ዘርጉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ከ0–10፣ ከ30–40 እና ከ60–70 ሜትር ላይ 10 በ10 ሜትር ቦታ ከልሉ። 12 ቦታ፣ 0.12 ሄክታር ይሆናል። በየዝርያው ከ1.5 ሜትር በታች ያለውን ቡቃያ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለጋ፣ እና ትልልቁን ለይታችሁ ቁጠሩ፤ ድምሩን ለ0.12 ስታካፍሉት በሄክታር ስንት እንደሆነ ታገኛላችሁ። ትልቅ ዛፍ ኖሮት ቡቃያ የሌለው ዝርያ ነው መትከል የሚያስፈልገው። ቡቃያ ያለውን ተዉት፣ ራሱ ይመጣል።

ቁጥቋጦ አትመንጥሩ፤ ይህን ለሰበካ ጉባኤው አስረዱ፣ ለበዓል «ጽዳት» ተብሎ ስለሚደረግ። ወፎች ወይራ በልተው ዘሩን የሚጥሉት ደደሆና አጋም ላይ አርፈው ነው፤ ቡቃያውን ከፀሐይና ከከብት የሚሸፍነውም ያው ቁጥቋጦ ነው።

ወደ ችግኙ ስንመጣ፣ ቀበቶውን ሙሉ በሙሉ በ2.5 ሜትር ርቀት ብትተክሉት እንኳ 1,800 ገደማ ነው የሚይዘው። 5,000 የት ይገባል? ደግሞ ጥድና ወይራ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ አንድ ዓመት ያህል ስለሚቆዩ፣ በጥቂት ወር የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ባህር ዛፍ ነው። ዝርያውን ጠይቃችሁ ተቀበሉ፤ ባህር ዛፍ ከምንጩ በላይ አይተከል። ዘሩን ቢቻል ከ20 በላይ እናት ዛፎች ልቀሙ። የዶቅማ ዘር ሲደርቅ ይሞታል፣ የጥቁር እንጨትም የመብቀል አቅሙን ቶሎ ያጣል፤ ሁለቱም በቀናት ውስጥ ይዘሩ። የወይራ ዘር ጠንካራ ቅርፊት ፍሬው ሳይጎዳ ቢሰነጠቅ በተሻለ ይበቅላል።

ስለ መጪው ሙቀት የምመክረው አንድ ነገር አለ። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በግምት 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል። እናንተ ዘንድ አየሩ በ1.2 ዲግሪ ቢሞቅ፣ 200 ሜትር ዝቅ ብሎ ያለው ደን ዛሬ የሚኖርበትን ሙቀት ታገኛላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ከዘሩ ሲሶውን ያህል ከዚያ አምጡ። በጣም ከወረዳችሁ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ችግኙን ይገድለዋል።

ጉድጓዱ 40 በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በግንቦት ይቆፈር። አፈሩ 30 ሴንቲ ሜትር ሲርስ፣ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ተከላው ይጠናቀቅ፤ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ የተተከለ ሥሩ ሳይዝ ዝናቡ ይወጣበታል። ፕላስቲኩ ይውለቅ። ጥድ ብርሃን ባለበት፣ ዝግባ ጥላ ሥር ይተከል።

በእቅዱ ሰነድ ላይ «የተተከለ ችግኝ ብዛት» ብቻ አትጻፉ፤ «በ3ኛው ዓመት በሕይወት ያለ» እና «በሄክታር የተፈጥሮ ቡቃያ» የሚሉ ረድፎች ይኑሩ። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ይዞታን ስለሚለይ፣ የእናንተ በየትኛው እንደሚመዘገብ ከወረዳው ጋር ወስኑ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የካቡ ወጪ ከዚያ ቀደም ብሎ ካልገባ አንድ ዓመት ይዘገያል። የመቃብር ቦታና የአብነት ተማሪዎች ማገዶም ከየት እንደሚመጣ በመተዳደሪያ ደንቡ ይቀመጥ፤ ይህ ካልተፈታ ካቡ ብቻውን አይበቃም።

ምንጩን ደግሞ በየወሩ በአንድ ቀን፣ በ20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ለኩና ከዝናቡ መጠን ጎን መዝግቡ። ካቡ ሳይሠራ ከአሁኑ ጀምሩ፤ ያለ መነሻ ልኬት ለውጡን ማሳየት አትችሉም።