ትንሿ ሙዚቃል ብሮድዌይ ትውጣ ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ገንዘብ ያስገባሽበት የድሮ ሙዚቃል፣ ማለትም በዘፈን የሚተወን ቲያትር፣ እንደ አዲስ ተዘጋጅቶ ዳውንታውን ባለ 200 ወንበር ቤት ውስጥ በየምሽቱ ሞላ። ተቺዎቹም አሞገሱት። አሁን ፕሮዲውሰሮቹ ወደ ብሮድዌይ፣ ወደ ኒውዮርክ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች፣ እናዛውረው ብለው ተጨማሪ ገንዘብ ጠየቁሽ፤ አንቺም ከጓደኞችሽ ጋር አዋጥተሽ ልትገቢ ነው። "ሞልቶ እያደረ ምን ያስፈራል?" ብለሻል። እኔ የገባሁበት ነገር ቁርጥ ይሄው ስለነበር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አስተያየቱ ላይ ብዙ ሰው "እንኳን ደስ አለሽ፣ ግቢበት!" ብሎሻል። ከነሱ ስንቱ የራሱን ብር አስገብቶ እንደሚያውቅ ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

እኔ ማን ነኝ? ሚድታውን፣ ከቲያትር ቤቶቹ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ዘመዴ ጋር የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ አለን። የረቡዕና የቅዳሜ የቀን ትርኢት እንጀራችን ነው። ከኒው ጀርሲና ከኮኔቲከት የሚመጡት ሰዎች ቁልፋቸውን ሲሰጡኝ ምን ሊያዩ እንደመጡ ሳልጠይቃቸው ይነግሩኛል። ስለዚህ የትኛው ትርኢት እየሸጠ፣ የትኛው እየሞተ እንደሆነ ከጋዜጣው በፊት የማውቀው እኔ ነኝ። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራ ነው። አንድ የቆየ ደንበኛዬ ፕሮዲውሰር ነበር፤ በሱ በኩል እንዳንቺው ያለ ትንሽ ሙዚቃል ውስጥ ገባሁ። ያስገባሁት ግን ቢጠፋ የማላለቅስበትን ያህል ብቻ ነበር።

እንዳይረዝምብሽ በቁጥር ላስቀምጠው።

1. ወንበር ቁጠሪ። ኦፍ ብሮድዌይ የሚባለው ከ100 እስከ 499 ወንበር ያለው ቤት ነው። ብሮድዌይ 500ና ከዚያ በላይ ነው፤ ቤቶቹም 41 ብቻ ናቸው። አሁን ሒሳቡን ስሪው። 200 ወንበር፣ በሳምንት 8 ትርኢት፣ 1,600 ሰው። ባለ 1,000 ወንበር ቤት ከገባሽ በሳምንት 8,000 ሰው ያስፈልግሻል። ታች፣ ዳውንታውን ባለው ትንሹ ቤት፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ ግጥም ብሎ ሲሞላ የነበረው ተመልካች አንድ ሳይቀር ተጠራርቶ ቢመጣ፣ ላይኛውን ቤት የሚሞላልሽ ለአንድ ሳምንት ከምናምን ነው። ያውም እኮ አይቶታል! ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ማን ይቀመጥበታል? ይሄን ስብሰባ ላይ ስጠይቅ "ወሬው ይዛመታል" አሉኝ። ወሬ ትኬት አይቆርጥም።

2. የሞላው ለምን እንደሆነ እወቂ። ሁሉም ሰው "ሜሪሊ ዊ ሮል አሎንግ" የሚባለውን ሙዚቃል እያነሳ ያደክምሻል። እውነት ነው፣ በ1981 ብሮድዌይ ላይ 16 ትርኢት ብቻ አሳይቶ የተዘጋ ስራ ነበር። ኒውዮርክ ቲያትር ወርክሾፕ በትንሹ ቤቱ እንደገና ሰራው፣ በ2023 ሃድሰን ወደሚባለው ብሮድዌይ ቤት ተዛወረ፣ በ2024 የምርጥ ሪቫይቫል (እንደገና የተሰራ የድሮ ስራ) ቶኒ፣ የብሮድዌይን ትልቁን ሽልማት፣ በላ፣ ያወጣውንም ገንዘብ መለሰ። ግን እዚያ ውስጥ ዳንኤል ራድክሊፍ ነበረ። ሃሪ ፖተርን በአካል ለማየት ሰው በውድ ዋጋ ይከፍላል። ሌላው ስመ ጥር ተዋናይ ጆናታን ግሮፍም አለበት። ያንቺ ቲያትር ውስጥ እንደዚህ ያለ ስም አለ? ጥያቄሽ ላይ አልጠቀስሽም፣ ስለዚህ የለም ብዬ ልውሰደው። ከሌለ ምሳሌው ላንቺ አይሆንም።

የኛን የሞላው ቅርበቱ ነበር። ባንዱ አራት ሰው ነው፣ መድረኩ ጥግ ላይ ተጣቦ የሚጫወት። ሁለተኛው ክፍል ላይ ዋናዋ ልጅ ከመድረክ ትወርድና ፊት መስመር ላይ ካለ ተመልካች አጠገብ ቁጭ ብላ ያለ ማይክ ትዘፍናለች። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አጠገቤ የነበረ ሽማግሌ የሳል ከረሜላውን ወረቀት ግማሽ ፈቶ፣ ድምፅ እንዳያሰማ ዘፈኑ እስኪያልቅ እጁ ላይ ይዞት ቀረ። ሰው ገንዘብ የከፈለው ለዚያ ነበር። ብሮድዌይ ቤት ስንገባ ያቺው ልጅ፣ ያው ዘፈን፣ ግን በማይክ። እኔ ሆን ብዬ ባልኮኒ ላይ ተቀመጥኩ። የታየኝ ፀጉሯ ብቻ ነው።

3. ቤቱን አንቺ አትመርጪም። ከ41ዱ ቤቶች አብዛኞቹ በሦስት ባለቤቶች እጅ ናቸው፤ ሹበርት፣ ኔደርላንደርና ኤቲጂ። ሰልፍ አለ። ክፍት የሆነውን ይሰጡሻል፣ ካልፈለግሽ ከኋላሽ ሌላ አለ። በዳንኤል ፊሽ የተዘጋጀው "ኦክላሆማ!" ብሩክሊን ሴንት አንስ ዌርሃውስ ከታየ በኋላ በ2019 ሲዛወር ሰርክል ኢን ዘ ስኩዌር ገባ። እዚያ ተመልካቹ መድረኩን ከቦ ነው የሚቀመጠው። በእረፍት ሰዓት ለሰው ቺሊና የበቆሎ ዳቦ ማብላቱን እንኳን አልተዉም። ቅርበቱን ይዘው ነው የወጡት፣ ቶኒም አገኙበት። የኛዎቹ ፕሮዲውሰሮች ግን ያን መሰል ቤት የሚጠብቁበት ትዕግስት አልነበራቸውም። ለምን ብትይ፣ ቶኒ! ለቶኒ መወዳደር የሚችለው ብሮድዌይ ቤት ውስጥ ያለ ትርኢት ብቻ ነው፤ ለመግባትም ሚያዝያ ወር ከማለቁ በፊት መከፈት አለበት። ስለዚህ የተገኘውን ቤት፣ ያውም ትልቅ ቤት፣ ያዙና በጥድፊያ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከፈቱ። በዚያ ሰሞን ሁሉም ነው የሚከፍተው። ተቺው ደክሞታል፣ ማስታወቂያው ተደራርቧል፣ የኛን ማን ይስማው?

አሁን ወደ አንድ ቢሮ ታሪክ ልመጣ ነው፣ ምክንያቱም ቁጥር 4 ልለው ያሰብኩት እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ፕሮዲውሰሮቹ የቀን ተቀን ሒሳቡን የሚሰራ የጄኔራል ማኔጀር ቢሮ ቀጥረዋል። ስሙን አልጠራም። ገንዘቡ ከመፈረሙ በፊት የሳምንት ወጪውን በዝርዝር ለማየት ኢሜይል ጻፍኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። ደወልኩ፤ "እንመለስልሃለን"። ስለዚህ በአካል ሄድኩ። ከስራ ስለወጣሁ የጋራዡን ጃኬት ለብሻለሁ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ቀና ብሎ አየኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "መኪናው ወርዷል?" አለኝ። መኪና ላመጣለት የመጣሁ መስሎት! ኢንቨስተር ነኝ ስለው እንኳን ይቅርታ የለም፤ "ለኢንቨስተሮች ኢሜይል ይላካል" ብሎ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ።

ተቀመጥኩ። እኔ ደግሞ መጠበቅ ስራዬ ነው። በመጨረሻ አንዷ ወጥታ አንድ ገጽ ሰጠችኝ። ሰንጠረዥ ነው፤ ቤቱ 100 ከመቶ ቢሞላ ገንዘባችሁ በዚህን ያህል ሳምንት ይመለሳል፣ 90 ቢሞላ በዚህን ያህል፣ 80 ቢሞላ በዚህን ያህል። እዚያ ላይ ያልቃል። "በ60 ከመቶስ?" አልኳት። "እሱን አላሰብንበትም" አለችኝ፤ እንደ ነውር ነው ያየችኝ። "በግማሽ ዋጋ የሚሸጠውስ ትኬት?" አልኩ። ታይምስ ስኩዌር ላይ ቀዩ ደረጃ ስር ያለውን የቅናሽ ትኬት መስኮት ታውቂዋለሽ። ወረቀቱ ሁሉም ሰው ሙሉ ዋጋ እንደሚከፍል አድርጎ ነው የሚያሰላው። የዚያን ቀን ማታ ፖስታ ጀርባ ላይ የራሴን ሒሳብ ሰራሁ፤ ሙዚቀኛው፣ የመድረክ ሰራተኛው፣ አልባሳቱ፣ የቤቱ ኪራይ፣ ማስታወቂያው፣ የደራሲዎቹ ድርሻ። ብሮድዌይ ላይ ሁሉም የየራሱ ማህበር አለው፣ ደሞዙም በውል የታሰረ ነው፤ የሙዚቀኛው ቁጥር ራሱ ለየቤቱ ዝቅተኛ ወሰን አለው። ታች አራት ሰው የተጫወተው ላይ በአራት አይታለፍም፣ የተለየ ፈቃድ ካልተገኘ። ሙዚቃል በሳምንት መቶ ሺዎች ዶላር ይበላል። የኔ ፖስታ ከ75 ከመቶ በታች ከወረዱ ይከስራሉ አለ። ለደንበኛዬ ለፕሮዲውሰሩ አሳየሁት። ሳቀ። "አንተ ደግሞ ጨለምተኛ ነህ" አለኝ።

ግንቦት ላይ የቶኒ እጩዎች ሲነበቡ የኛ ስም የለም። ከዚያ በኋላ ቤቱ በግማሽ ነበር። ባልኮኒ ላይ ትኬት የቆረጡትን አስተናጋጆቹ "ውረዱ፣ ታች ቦታ አለ" እያሉ ሲያወርዷቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ለሆቴል ሰራተኛ፣ ለነርስ፣ ለማን ነጻ ትኬት ታደለ። ከዚያ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ለኢንቨስተሮች ኢሜይል ላኩ፤ "ለትንሽ ጊዜ የሚያሻግር ብድር" ፈለጉ። ልብ በይ፣ ይሄ ብድር ከኛ ገንዘብ በፊት ነው የሚመለሰው። ማለትም አዲስ ያበደረው ይቀድማል፣ መጀመሪያ ያመነው ይጠብቃል። አንድ ሳንቲም አልጨምርም አልኩ።

የቤቱ ውል ውስጥ ደግሞ አንድ አንቀጽ አለ። ገቢው ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከተስማሙበት መጠን በታች ከወረደ ባለቤቱ ውጡ ማለት ይችላል። የኛም ወረደ፣ ውጡ ተባልን። ሰኔ ላይ ተዘጋ። ታች ቢቆይ ኖሮ ዓመት የሚጫወት ነገር ነበር! እስካሁን ያበግነኛል።

ምክንያቱም ታች መቆየት ውርደት አይደለም። "ሊትል ሾፕ ኦፍ ሆረርስ" የሚባለው ሙዚቃል በ1982 ሲነሳ ብሮድዌይ ውሰዱት ተብሎ ነበር፤ ደራሲው ሃዋርድ አሽማን ቦታው እዚሁ ነው ብሎ እምቢ አለ። ኢስት ቪሌጅ ኦርፊየም ቲያትር እስከ 1987 ከ2,200 በላይ ትርኢት አሳየ። በ2003 ብሮድዌይ ወሰዱት፤ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። በ2019 እንደገና ሲሰሩት ዌስትሳይድ ቲያትር አስገቡት፣ 270 ወንበር፣ ከታይምስ ስኩዌር በእግር የሚደረስ። ለቶኒ አይወዳደርም፣ ደንታም አልሰጣቸው። ከኮቪድ መዘጋት በኋላም ተመልሶ ዓመታት ተጫወተ። የዌስትሳይድ ደንበኞች መኪና አሁንም ይመጣልኛል፣ ያውም የካቲት ላይ፣ ብሮድዌይ ጭር በሚልበት ወር። "አቬኑ ኪው" እንኳን፣ ብሮድዌይ ላይ ቶኒ በልቶ ስድስት ዓመት ከተጫወተ በኋላ፣ በ2009 ኒው ወርልድ ስቴጅስ ወደሚባል ኦፍ ብሮድዌይ ቤት ወርዶ ሌላ አስር ዓመት ሰርቷል። ፕሮዲውሰሮችሽን "ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ለምን አንሄድም? ለትርፍ የሚሰራ ባለ 400 ወንበር ቲያትር ቤት ለምን አንፈልግም?" በያቸው። ፊታቸውን አይተሽ የፈለጉት ትርፍ ይሁን ቶኒ ታውቂያለሽ።

ከጓደኞችሽ ጋር ስለማዋጣት ያልሽውን በተመለከተ፣ ቀስ በይ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የሚያስገቡት በዓመት ከ200,000 ዶላር በላይ ገቢ ያለውን ወይም ከመኖሪያ ቤቱ ውጪ 1 ሚሊዮን ዶላር ሀብት ያለውን ሰው ነው። የዕቁብ ብር ሰብስበሽ በስምሽ ብታስገቢ ነገ ህጉም፣ ጓደኞችሽም አንቺን ነው የሚይዙት። ጠበቃ ሳታናግሪ አታድርጊው። ገንዘቡ ውሃ ቢበላው ለቅሶ ቤት እንኳን መገናኘት ያስቸግራል።

መብቱንም ጠይቂ። የድሮ ስራ ስለሆነ ታች የተጫወተበት ፈቃድ ለትንሽ ቤት የተሰጠ ነው። ብሮድዌይ ሌላ ፈቃድ ነው፤ ከደራሲዎቹ ወይም ከወራሾቻቸው ወኪል ጋር እንደ አዲስ መደራደር ይጠይቃል። "እሱ አልቋል" ካሉሽ የተፈረመውን አሳዩኝ በይ።

ስለዚህ መልሴ፣ የሳምንት ወጪውን በዝርዝር፣ ሰንጠረዡንም እስከ 60 ከመቶ ድረስ በአማካይ የትኬት ዋጋ ተሰልቶ በጽሑፍ ካልሰጡሽ አትግቢ። ከሰጡሽ፣ ቤቱም ከ700 ወንበር ብዙ የማያልፍ ከሆነ፣ ባለፈው ያስገባሽውን ያህል ብቻ አስገቢ። የብሮድዌይ የየሳምንቱ ገቢና ስንት ከመቶ እንደሞላ በየሳምንቱ ይወጣል፣ በነጻ ነው፤ አንቺን የሚመስሉትን ትንንሽ ትርኢቶች ፈልገሽ በብርዱ ወራት ምን እንዳገኙ እዪ። ሞላ የሚለውን ብቻ አትዪ፣ አማካይ ዋጋውን እዪ።

አንድ ነገር ረሳሁ፣ ዋናውን! ታች ያስገባሽው ገንዘብ ብሮድዌይ ሲሄዱ ምን ድርሻ እንደሚሰጥሽ ውልሽ ላይ አለ ወይ? ለብሮድዌይ አዲስ ኩባንያ ነው የሚያቋቁሙት። እኛን "የመጀመሪያዎቹን አንረሳም" አሉን፤ ላም አለኝ በሰማይ ነበር። ያንን ገጽ ፎቶ አንስተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ስምና ቁጥሩን ሸፍነሽ። ከቅዳሜው የቀን ትርኢት በኋላ አየዋለሁ፤ አርብ መልስ ስጪ ካሉሽ ደግሞ ሰኞ በያቸው።