መልስ፦ የአመዱ ውፍረት በየቦታው ሲለያይ የቱን ልያዝ?
የአፋሩ እሳተ ገሞራ ሃይሊ ጉቢ አፍዴራ ላይ ያራገፈውን አመድ በማስመሪያ ስትለካ ውፍረቱ በየቦታው የተለያየብህ ነፋስ እዚህ ስለሚከምረው፣ እዚያ ስለሚጠርገው ነው። ውፍረቱን ተወውና ክብደቱን ያዝ።

1. ከግድግዳና ከዛፍ የራቀ ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር አስምር።
2. በውስጡ ያለውን አመድ በለስላሳ ብሩሽ ሙልጭ አድርገህ ሰብስብ።
3. አድርቀህ መዝነው፤ ግራሙን በ4 ስታባዛ በካሬ ሜትር ያረፈውን ታገኛለህ። ቢያንስ 3 ቦታ ድገመው።

ለፍሎራይድ (ከአመዱ ጋር የሚመጣ፣ ሲበዛ ከብት የሚመርዝ ጨው) ምርመራ የምትልከውን አመድ ግን ዝናብ ሳይነካው በንጹሕ ፕላስቲክ አሽገው። ዝናብ ከመታው የሚሟሟው ጨው ታጥቦ ይሄድና ውጤቱ ከእውነቱ ዝቅ ይላል፤ ከብቱ የጋጠው ደግሞ ያልታጠበውን ሣር ነው። በ1783 እ.ኤ.አ. አይስላንድ ውስጥ ላኪ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በጎችንና ላሞችን የፈጀው ይኸው ፍሎራይድ ነበር።