«ፈርሚ ሲሉኝ ፈረምኩ»

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ከጓደኞቼ ጋር ሁሌ እናነበዋለን። የ26 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ሳልዞርበት ልናገረው፤ የምተዳደረው በሴተኛ አዳሪነት ነው። አንዲት ልጅ አለችኝ፤ እናቴ ጋ ነው የምታድገው።

የዛሬ ወር ገደማ፣ አርብ ማታ አራት ሰዓት ላይ፣ አፈሳ መጣ። እኔና ሦስት ጓደኞቼ መንገድ ዳር ቆመን ነበር። ማንንም አልጠራንም። ፓትሮል ላይ ጫኑንና ጣቢያ ወሰዱን። አንዱ ፖሊስ ቦርሳዬን በርብሮ ኮንዶም ሲያገኝ «ይኸው ማስረጃው» አለ። ስልኬን አስከፍቶ መልእክቶቼን አነበበ። «ሴተኛ አዳሪ ነሽ አይደል? እመኚ» አሉኝ። የሆነ ወረቀት ጽፈው ፈርሚ ሲሉኝ ሳላነበው ፈረምኩ። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ «ሁለተኛ እንዳናይሽ» ብለው ለቀቁን። ፍርድ ቤት የሚባል ነገር አላየንም።

የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ማታ አንድ ደንበኛ ደብድቦኝ ስልኬንና ገንዘቤን ወሰደብኝ። ፊቴ አብጧል። የመኪናውን ታርጋ ይዣለሁ። ጓደኞቼ ግን «ብትከሺ የምትታሰሪው አንቺው ነሽ፤ ፈርመሽላቸዋል» ይሉኛል። እውነት ነው? ሌላ ጊዜ ሲይዙኝስ ምን ልበል?

የልጅ እናት ነኝ

*

እህቴ፣ ጓደኞችሽ ያሉሽ ልክ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታስቢበት እንደምታድሪ ይገባኛል።

በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንዲት ሴት በሴተኛ አዳሪነት ስለተዳደረች ብቻ የሚያስቀጣት አንቀጽ የለም። በ1996 የወጣው ሕግ በአንቀጽ 634 የሚቀጣው በሌላ ሰው ገላ የሚነግደውን ነው፤ ደላላውን፣ ቤት ከፍቶ ከሴቶቹ የሚጠቀመውን። ስለዚህ «ሥራዬ ይህ ነው» ብለሽ ፈርመሽ ቢሆን እንኳ ያመንሽው ወንጀል የለም። ወረቀቱ ላይ ሌላ ነገር ተጽፎ ከሆነ ደግሞ፣ በማስገደድ የተገኘ ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት እንደሌለው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ይናገራል።

አንድ ነገር አልደብቅሽም። ሕጉ ደንብ መተላለፍ በሚለው ክፍሉ መንገድ ላይ ሰውን ለወሲብ መጋበዝን፣ በዚሁ ሥራ ጎረቤት መረበሽንም ይቀጣል። አፈሳ ሲመጣ የሚጠቀሰው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። መንገድ ዳር መቆም ግን መጋበዝ አይደለም። ኮንዶም መያዝም ወንጀል አይደለም፤ ራስሽን ከበሽታ የምትጠብቂበትን ነገር ማስረጃ ነው ማለት በጣም ያሳዝነኛል። ፖሊስ ፈርታችሁ ኮንዶም ሳትይዙ እንዳትወጡ፣ እባካችሁ።

አርብ ማታ አራት ሰዓት ተይዘሽ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተለቀቅሽ። ቆጥሬዋለሁ፤ 59 ሰዓት ነው። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ከዚህ ውጭ የተወው ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚያስፈልገውን ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሁድ አይቆጠርም የሚል ቃል አንቀጹ ውስጥ የለም። ሰዓቱ ካለፈ ቤተሰብሽ «አካልን ነጻ ማውጣት» የሚባለውን አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል።

ሌላ ጊዜ ከያዙሽ አትታገዪ፣ አትሳደቢ፣ አትሩጪ። መብትሽ ቢነካም እዚያው መንገድ ላይ ግብግብ ብትገጥሚ ሌላ ክስ ይመጣብሻል። «በምን ተጠርጥሬ ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ በሚገባሽ ቋንቋ ሊነግሩሽ ግዴታቸው ነው። ስምሽንና አድራሻሽን በትክክል ስጪ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራሽ፣ ስለ ደንበኛሽ፣ ስለ ማንም ለመናገር አትገደጂም። «ቃል አልሰጥም፤ ጠበቃ ማግኘት እፈልጋለሁ» በይ፣ በትሕትና። ያላነበብሽውን ወረቀት አትፈርሚ። ማንበብ ካስቸገረሽ «ይነበብልኝ» በይ። ሰውነትሽን መፈተሽ ያለባት ሴት ፖሊስ ናት። ስልክሽን ክፈቺ ካሉሽ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ እንዳለ ጠይቂ፤ በስልክ የምትጻጻፊው ነገር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀ ነው። ዘመድም ጓደኛም ሊጎበኝሽ ይችላል፤ እንዲደወልልሽ ጠይቂ።

ይህን ሁሉ ስትያቸው የሚቆጣ ይኖራል። አውቃለሁ። በዱላ ካስፈራሩሽና ካስፈረሙሽ ፈርመሽ ውጪ፤ ሕይወትሽ ይቀድማል። ነገር ግን የፖሊሱን ስም ወይም መለያ ቁጥር፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ያዢ። ያለ አግባብ ማሰርንም ሆነ በማስፈራራት ቃል መቀበልን የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 423 እና 424 ይቀጣል። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማመልከት ትችያለሽ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ነጻ የሕግ እርዳታ ይሰጣል።

አሁን ወደ ማክሰኞው ሰውዬ። ደብድቦ ንብረት መውሰድ ውንብድና ነው፣ የተዘረፈችው ማንም ትሁን። ያለ ፈቃድሽ ተገናኝቶሽ ከሆነም፣ አልጻፍሽልኝም እንጂ፣ አስገድዶ መድፈር ነው፤ በአንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ሥራሽ ይህን አይለውጠውም። እንዲህ የደረሰባት ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር አለባት። አዲስ አበባ ጋንዲ ሆስፒታል ሕክምናውንም ክሱንም አንድ ቦታ የሚያስተናግድ ማዕከል አለው።

እብጠቱ ሳይጠፋ ዛሬውኑ ሐኪም ይይሽ። የሕክምና ማስረጃ ይጻፍልሽ። ለመክሰስ ብቻሽን አትሂጂ፤ ጓደኛ ወይም ከማኅበሩ ሰው ይዘሽ ሂጂ። «ምን ትሠሪያለሽ?» ብለው ቢጀምሩሽ «የመጣሁት ስለተዘረፍኩ ነው» በይና ታርጋውን ስጪያቸው። ቁጥሩን ግን ከመሄድሽ በፊት ለእናትሽም አስይዢያት።