እቁብ ልግባ ወይስ ባንክ ላስቀምጥ?

እህቴ፣ ደሞዝሽ 15 ሺህ ነው፣ በወር 3 ሺህ መቆጠብ ትችያለሽ፣ በአምስት ዓመት ለቤት ቅድመ ክፍያ ማጠራቀም ትፈልጊያለሽ። እቁብ ወይስ ባንክ ነው ጥያቄሽ። እኔ ሁለቱንም እላለሁ፤ ግን በቅደም ተከተል።

መጀመሪያ የሦስት ወር ወጪሽን ባንክ አስቀምጪ። ድንገት ብትታመሚ ወይም ሥራ ብትለቂ እቁቡን መጣል አትችይማ!

ከዚያ እቁብ። 20 ሰው በወር 3 ሺህ ቢጥል ዕጣው 60 ሺህ ነው። ወለድ የለውም። ቀድሞ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ 20 ወር ጠብቆ ዋጋው የቀነሰ ብር ይቀበላል። ጥቅሙ ማስገደዱ ነው። ባንክ ያለውን ብር ማንም ሳይቆጣሽ ታወጪዋለሽ፤ የእቁብ ዳኛ ግን ይደውላል።

ዋስ የማይጠይቅ እቁብ እንዳትገቢ። እኔ አንዴ ተበልቻለሁ። ሰውዬው በሦስተኛው ወር ዕጣውን ወስዶ ስልኩን አጠፋ። ዋስ አልነበረውም፣ አለቀ።

ዕጣው ሲደርስሽ ሒሳብሽ ላይ እንዲሁ አታስተኚው። ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የተራ ቁጠባ ወለድ ይህን አይቋቋምም። ቢያንስ በጊዜ ገደብ (ለተወሰነ ጊዜ ላታወጪው ተስማምተሽ) አስቀምጪው፤ ወለዱን መደራደር ይቻላል። ሁለት ሦስት ባንክ ጠይቂ።