የ40 ኸርዝ ድምፅ ለአልዛይመር፦ ማታ ይከፈት ወይ?

እህታችን፣ «እናቴ አልዛይመር አለባት፤ ከዩቲዩብ ያወረድኩትን የ40 ኸርዝ ድምፅ ማታ ስትተኛ ልክፈትላት?» ብለሽ ጠይቀሻል። ማታ አይሆንም። አንጎል ለ40 ኸርዝ ምት፣ ማለትም በሰከንድ 40 ጊዜ ለሚመታ ድምፅ፣ የሚሰጠው ምላሽ በእንቅልፍ ጊዜ ይዳከማል፤ እንቅልፋቸው ከተረበሸ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ግራ ሲጋቡ ይውላሉ። ቀን፣ ነቅተው ሳሉ ይስሙት።

ፋይሉንም እዪው። ብዙዎቹ በግራ ጆሮ 200፣ በቀኝ 240 ኸርዝ የሚለቁ ናቸው፤ ይህ ሌላ ነገር ነው። በ2019 ኤም አይ ቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አይጦችን ያሰሙት በሰከንድ 40 ጊዜ የሚመታ፣ እያንዳንዱ ምት 1 ሚሊሰከንድ የሚቆይ፣ 10 ሺህ ኸርዝ የሆነ ቀጭን ድምፅ ነበር፤ በቀን 1 ሰዓት፣ ለ7 ቀን። አሚሎይድ የሚባለው ከአልዛይመር ጋር የሚያያዝ የፕሮቲን ክምችት በመስሚያው የአንጎል ክፍልና በሂፖካምፐስ (በማስታወሻው ክፍል) ቀነሰ። በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ግን ገና ትንንሽ ናቸው፤ በ2023 ደግሞ የኒውዮርክ ተመራማሪዎች በድምፅ ፈንታ በ40 ኸርዝ ብልጭ ድርግም በሚል ብርሃን የሚደረገውን ተመሳሳይ ሙከራ በአይጥ ደግመው አሚሎይዱ ሲቀንስ አላገኙም። ስለዚህ መድኃኒታቸውን እንዳታስቆሚ።

10 ሺህ ኸርዝ ብዙ አረጋውያን አይሰሙትም፤ 1 ሺህ ይሻላል። አውዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ራስሽ ትሠሪዋለሽ። ሳምፕል ሬቱን (ድምፁ በሰከንድ ስንት ነጥብ ሆኖ እንደሚቀዳ) 48000 አድርጊ፤ በ44100 ከሆነ ከምት እስከ ምት ያለው 25 ሚሊሰከንድ ሙሉ የነጥብ ቁጥር አይወጣውም። 1 ሚሊሰከንድ የሚቆይ የ1000 ኸርዝ ቶን ፍጠሪ፣ ከኋላው 24 ሚሊሰከንድ ዝምታ ጨምሪ። ሁለቱንም መርጠሽ 39 ጊዜ ስትደግሚ (ከመጀመሪያው ጋር 40) 1 ሰከንድ ይሆናል፤ ያንን 59 ጊዜ፣ የወጣውን እንደገና 59 ጊዜ ድገሚ፣ 1 ሰዓት ሞላ። በዌቭ (WAV) የፋይል ዓይነት አስቀምጪው፤ ኤምፒ3 (MP3) አጭሯን ምት ያደበዝዛታል። ፋይሉ በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር)፣ በ16 ቢት 345 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ከከበደሽ የ10 ደቂቃውን እየደጋገምሽ አጫውቺ።

ኢርፎን አያስፈልግም፣ ስፒከር ይበቃል። ድምፁ ከተለመደ ጭውውት አይብለጥ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ምቱ አጭር ስለሆነ የስልክ የድምፅ መለኪያ የሚያሳየው አማካይ ከእያንዳንዱ ምት በ14 ዴሲቤል ያህል ያነሰ ነው። ቁጥሩ አነሰ ብለሽ አትጨምሪ።

ከሁሉ በፊት ግን ጆሯቸው ይታይ። ኩክ ከደፈነው ምቱ አይደርስም። የመስሚያ መሣሪያ ካላቸው የጫጫታ መቀነሻው ምቱን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊያጠፋው ስለሚችል በዚያ ሰዓት ይዘጋ። የመስማት ችግርን ማከም በራሱ፣ እንደ እኔ፣ ከዚህ ድምፅ ይቀድማል።

የሚጥል በሽታ ኖሯቸው የሚያውቅ ከሆነ ሐኪማቸውን ሳትጠይቂ አትጀምሪ፤ ብልጭ ድርግም የሚል መብራትማ ጨርሶ አይጨመርበት። በ10 ደቂቃ ጀምረሽ በየቀኑ 10 ጨምሪ። ከተቁነጠነጡ፣ ጆሯቸውን ከያዙ ወይም ራስ ምታት ካሉ ወዲያው ዝጊው።