ካርዱ የሚታየው ላፕቶፑን እንደገና ሳስነሳ ብቻ ነው

ጥያቄ፦ አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ፤ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ሲስተም) ጭኜበታለሁ። በጎኑ የዩኤስቢ 3 ኤክስፕረስ ካርድ (የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ የሚጨምር ተሰኪ ካርድ) ስሰካበት ዝም ይላል። አጥፍቼ ሳበራው ይሠራል። ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን? (ወንድማችሁ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ካርዱ ደህና ነው። እኔ ደሴ ፒያሳ ላፕቶፕ ስጠግን በዚሁ ምክንያት አንድ ደህና ካርድ ጥያለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ኤክስፕረስ ካርድ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገረው ወይ በዩኤስቢ 2 ወይ በፒሲአይ ኤክስፕረስ (የማሽኑ የውስጥ የመረጃ መስመር) ነው። ያንተ በሁለተኛው ነው። ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) የካርዱን መግባት በደንብ ካልተናገረ ሊኑክስ ከየት ይወቀው?

ካርዱን ሰክተህ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈት። በሲስ ማውጫ፣ ባስ ውስጥ፣ ፒሲአይ ሥር ሪስካን የሚባል ፋይል አለ (/sys/bus/pci/rescan)። እሱ ላይ 1 ጻፍ፤ ያኔ ሊኑክስ ካርዱን እንደገና ይፈልገዋል። ታዲያ ሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያሠራው ትእዛዝ) ኢኮ ብለህ በቀስት (>) ብትልከው ይከለክልሃል፤ ሱዶው ቀስቱን አይሸፍንም። ሱዶ ቲ ተጠቀም፦ echo 1 | sudo tee /sys/bus/pci/rescan። ስንቱን ሰው አናዳለች፣ ይቺ ነገር!

ስትነቅለውም ዝም ብለህ አትመንጭቀው። መጀመሪያ ካርዱ ላይ የሰካኸው ፍላሽ ካለ አንማውንት አድርግ (ከሲስተሙ አላቅቀው)። ከዚያ በካርዱ ማውጫ ውስጥ (/sys/bus/pci/devices ሥር) ባለው ሪሙቭ ፋይል ላይ 1 ጻፍና አውጣው። እኔ ሁለቱንም በአጭር ስክሪፕት አስቀምጫቸዋለሁ።